ለዛፍ ሥራ ሽማግሌ የሄድኩ ዕለት

እኔን ብሎ የዛፍ ነገር አዋቂ! ዕድሜ ልኬን ከዛፍ ጋር ያለኝ ዝምድና ሥሩ መቀመጥ ነው። እሱንም ወፏ ከላይ ሥራዋን ስትሠራብኝ ብድግ እያልኩ። ታዲያ ማን ነው ግቢበት ያለኝ? ማንም። እኔ እንደሆንኩ ካልጠሩኝ ነው የምገባው። ቢጠሩኝማ እግሬን አሞኛል እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የምኖረው ፈረንጅ አገር፣ ዊትኒ የሚባል ሰፈር፣ ከልጄ ከትዕግስትና ከባሏ ከግርማ ጋር ነው። ትዕግስት ነፍሰ ጡር ናት፤ ሆዷ ገፍቷል፤ ከእሷ ቀድሞ ነው በር የሚገባው። ግርማ ደግሞ ሥራው መስኮት ማጠብ ነበር። መስኮት ስላችሁ የእኔንና የእናንተን ቤት መስኮት እንዳይመስላችሁ። እዚያ ስትሪፕ በሚሉት የካዚኖ ጎዳና ላይ የተገተሩትን፣ ቀና ብለሽ ስታያቸው ነጠላ የሚያስጥሉትን ሆቴሎች ነው። ከጣሪያው ገመድ ያስራል፣ ገመዱ ላይ ትንሽ ወንበር ያንጠለጥላል፣ ባልዲውን ጎኑ ላይ አድርጎ እያጠበ እያጠበ ይወርዳል። አንድ ቀን ትዕግስት በመኪና ወስዳ ከታች አሳየችኝ። መስታወት ላይ ዝንብ ያረፈ መሰለኝ።

«ባልሽ ያ ነው?» አልኳት።

«አዎ እማዬ።»

«እያየሽ ነው ያገባሽው?» አልኳት። መኪናውን አስነስታ ወሰደችኝ።

ያ ሥራ ቆመ። ድርጅቱ ኮንትራቱን ተነጠቀ አሉ፣ ግርማም ቤት ዋለ። ቤት የዋለ ወንድ አይታችኋል? ፍሪጅ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ደግሞ ይከፍታል። በመሀል የበቀለ ነገር ካለ ብሎ ነው መሰለኝ። ሲብስበት የእኛን ቤት መስኮቶች ያጥብ ጀመር። መስታወቱ ከመጥራቱ የተነሳ አንዲት ርግብ የለም ብላ ገብታ ተላተመች። በረንዳው ላይ ትንሽ ተቀምጣ ራሷን ይዛ አሰበችና ሄደች።

ኋላ የትራክ ነገር መጣ። ጓደኛው ደውሎ «ና አብረን ትራክ እንንዳ» አለው። ትራክ ነጂ ካገባሽ ባል ያለሽ የሚመስልሽ በስልክ ብቻ ነው። ዛሬ ቴክሳስ ነኝ ይላል፣ ነገ ኦሃዮ ነኝ ይላል፣ ሚስቱ ስትወልድ ነዳጅ እየቀዳ ይሰማል። ትዕግስት አላለቀሰችም። ሰሃን ስታጥብ ግን ታንኳኳ ጀመር። የእኔ ልጅ ስታዝን የሚያለቅስላት ሰሃኑ ነው። ግርማም መሄዱን አልወደደውም፤ ግን «እስከ ወሩ መጨረሻ እዚህ ሥራ ካላገኘሁ እሄዳለሁ» ብሎ ቁርጡን ተናገረ።

በዚህ መሀል ዛፍ ከርካሚዎች ሰፈራችን መጡ። ማዶ ያለው ቤት ዘንባባ ላይ አንዱ ሰውዬ በገመድ ተንጠልጥሎ ይቆርጣል። ግርማ በረንዳ ላይ ቆሞ አየ፣ አየ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ።

«እማማ፣ ይሄ ሥራ እኮ የእኔ ሥራ ነው» አለኝ። «ቀበቶውም፣ ቋጠሮውም፣ ገመዱ ላይ የሚንሸራተተው ብረትም፣ ሁሉም የማውቀው ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሂድ!»

ሄዶ የሥራውን ባለቤት አነጋገረው። ባለቤቱ ሰፊ ኮፍያ ያደረገ፣ ፊቱን ፀሐይ የጠበሰው ፈረንጅ ነው። «ገመድ ላይ መሥራት ትችላለህ?» ብሎ ጠየቀው። የእኛ ጨዋ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ።»

ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ የኖረ ሰው፣ ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ! ሰውዬው «እንደውልልሃለን» አለው። ፈረንጅ እንደውልልሃለን ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ፊደል ያልቆጠርኩት እኔ እንኳ አውቀዋለሁ።

እራት ላይ ትዕግስት ነደደች። «ራስህን ሴል ማድረግ አለብህ! እዚህ አገር ዝም ካልክ የማትችል ነው የምትመስለው!»

«ሰው ራሱን ያወድሳል እንዴ? ነውር አይደለም?» አለ እሱ፣ እንጀራውን እያየ።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ራሱን የሚያወድስ ሰው ወይ ሰክሯል ወይ ሊሰክር ነው። ግን እኔ አንድ ነገር ብልጭ አለብኝ። ልጅ ሚስት ሲፈልግ ራሱ ሄዶ «እኔን የመሰለ የለም» ይላል? አይልም። ሽማግሌ ይላክለታል። ያለውንም የሌለውንም ደርድሮ የሚያወድሰው ሽማግሌው ነው። ሚስት በዚህ ከተገኘች ሥራ ምን ይከብዳል? ሥራ ቢያንስ አማት የለውም።

ጋሽ ተፈራ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ተፈራ ድሮ በሱዳን በኩል የመጡ፣ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ጨዋ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛቸው እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ችግሩ ቧንቧው አይዘጋም።

«እመይቴ፣ ሴት ሽማግሌ ትሄዳለች እንዴ?» አሉኝ።

«ለሴት ልጅ ሲሆን ነው የማትሄደው። እኛ የምንሄደው ለዛፍ ነው» አልኳቸው። ይሄን የሚከለክል ደንብ አጡና ከረባታቸውን ፍለጋ ገቡ።

ሽማግሌ ደግሞ ሦስት ነው። ሦስተኛ እንድትሆነን ጎረቤቴን ብርሃኔን ለመንኳት። ብርሃኔ ካዚኖ ውስጥ የሌሊት ሺፍት የምትሠራ፣ ቀን የምትተኛ ሴት ናት። ነገር ማለስለስ አልፈጠረባትም።

«ሥራ ለመለመን ሽማግሌ?» አለችኝ በበሩ ስንጥቅ። «አብደሻል። ሂጂ ተኚ።»

ስለዚህ ሁለት ሆንን። ሦስተኛችን የጋገርኩት ድፎ ዳቦ ነበር። እውነት ለመናገር ከሦስታችን ጭምት እሱ ነው፤ ከተማ ማዶ እስካለው ሄንደርሰን ድረስ ትንፍሽ አላለም።

የሰውዬው ቢሮ ግንድ የተከመረበት ግቢ ውስጥ ነው። ነጠላዬን አደግድጌ፣ ጋሽ ተፈራ እጃቸውን አጣምረው፣ በሩ ላይ ቆምን። ሰውዬው «ግቡ፣ ቁጭ በሉ» አለ። አንቀመጥም። ወንበር ጎተተልን። አንቀመጥም። ውሃ አመጣ። አንጠጣም።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም በሉት» አልኩ።

ጋሽ ተፈራ አሉት። ያ የተጠበሰ ፊት እንደ ሊጥ ነጣ። ኮፍያውን አወለቀ። አንድ ነገር ተናገረ፣ ደግሞ ተናገረ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ምን ይላል?» አልኩ።

«ስለ ጥዱ ከሆነ የመጣችሁት፣ ሠራተኞቼ ቤት ተሳስተው ነው፤ ያለ አገባቡ ነው የቆረጥነው፤ ሌላ እተክላለሁ ብያለሁ ይላል።»

ለካ ጥዷ የተቆረጠባት የሆነች ባልቴት ዘመዶች መስለነዋል! አሰብኩበት። ሽማግሌ ሆኖ መጥቶ ይቅርታ የሚለምን ሰው ጥሎ መሄድ ደግሞ አያምርም።

«ይቅር ብለንሃል በሉት።»

«እመይቴ፣ ጥዱ እኮ የእኛ አይደለም።»

«ባይሆንስ? ይቅርታ ባለቤት አለው እንዴ?»

አሉት። ሰውዬው እፎይ ብሎ ለእኛ የጎተተው ወንበር ላይ እሱ ተቀመጠ።

አሁን ጋሽ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጃችንን የቤትዎ ልጅ እንዲያደርጉልን ለመለመን ነው የመጣነው» አሉ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ለወጉ፤ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ።

«ልጁ የታለ?» አለ ሰውዬው።

«ቤቱ ነው።»

«ሥራ ፈልጎ፣ ራሱ አልመጣም?»

«ጨዋ ስለሆነ ነው» አልኩ። «ሽማግሌ ሲሄድ ልጁ አይከተልም።»

ሰውዬው ኮፍያውን መልሶ አደረገና ደግሞ አወለቀው። እኛ ወደ ዘር ገባን። አባቱ የሰው ድንበር ገፍቶ አያውቅም። እናቱ ከጎረቤት ተኮራርፋ አታውቅም። እስከ ሰባት ትውልድ ቢቆጠር እንከን የለበትም። ጋሽ ተፈራ ምንም ሳያስቀሩ ተረጎሙ፤ ሰውዬውም በጥሞና ሰምቶ እንዲህ አለ፦

«እኛ ባክግራውንድ ቼክ ብለን የሰው የኋላ ታሪክ የምናጣራው የሰባት ዓመቱን ብቻ ነው።»

ምስኪን። በሰባት ዓመት የሰው ምኑ ይታወቃል? እኔ ባሌን ያወቅኩት ከሞተ በኋላ ነው።

«ሥራውንስ ይችላል?» አለ። እዚህ ላይ አፌ ከእኔ ቀድሞ ሮጠ።

«ከአርባ ፎቅ ላይ በአንድ ገመድ ተንጠልጥሎ የሚሠራ ጀግና ነው። ዛፍ ለእሱ ጎመን ነው!»

«መጋዝስ?»

«እጁ ለመጋዝ የተፈጠረ ነው» አልኩ። የግርማን እጅ ከመጋዝ ጋር አይቼ አላውቅም። ዳቦ ሲቆርጥ ግን አይቻለሁ፤ እኩል እኩል ነው የሚያደርገው።

ሰውዬው «አስቤበት አሳውቃችኋለሁ» አለ። ደስ አለኝ፤ የሴት ወገንም መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚለው። «ታዲያ ለመልሱ መቼ እንምጣ?» አልኩ።

«መምጣት አያስፈልግም!» አለ ፈጥኖ፤ ጋሽ ተፈራን እያየ። «ቅዳሜ አንድ ዛፍ ላይ ልየው። እናንተ ሰፈር የሚከረከም ዛፍ አለ?»

«የብርሃኔ የእንጆሪ ዛፍ አለ» አልኩ። የሰው ዛፍ ድሬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ግርማ የሆነውን ሲሰማ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እማማ፣ ምን ምን አሉት?»

«እውነቱን» አልኩት። «ትንሽ አጠገብኩት እንጂ።»

ትዕግስት «እማዬ፣ ሰው እዚህ አገር ኦንላይን ነው አፕላይ የሚያደርገው!» አለች። ሰሃን ግን አላንኳኳችም። ልብ ብያለሁ።

የቀረኝ ብርሃኔ ናት። እንጆሪው በስሙ ብቻ እንጆሪ ነው፤ ፍሬ የሚባል አያውቅም። ሥራው ጥላ መጣል ነው። እዚህ አገር ደግሞ ጥላ ያለው ሰው ባለርስት ነው። «በነፃ ይከረክሙልሻል» አልኳት። በነፃ የምትለዋ ቃል ብርሃኔን ከሞትም ታስነሳታለች። ሆኖም ጣቷን ቀሰረችብኝ።

«የደረቀውን ብቻ! እርጥቡን የነካ ወዮለት። በሰመር ሙቀት መኪናዬን የማቆመው እሱ ሥር ነው። እሱ ባይኖር መሪው እጄን ይልጠዋል።»

«የደረቀውን ብቻ» አልኩ። አሁንም አፌ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ በጥር ብርድ፣ ሰውዬው ሰው ሽቅብ የሚያነሳ ክንድ ያለው መኪናውን ይዞ መጣ። ጋሽ ተፈራም ለመተርጎም መጥተዋል። ብርሃኔ ከሺፍት ገብታ ተኝታለች። ትዕግስት ጋቢ ለብሳ በር ላይ ቆማለች፤ እጇ ሆዷ ላይ ነው። ግርማ ቀበቶውን ታጥቆ፣ ብረቱን ደርድሮ፣ አምሮበት ወጣ። ሰውዬው ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገና ራሱን ነቀነቀ። የእጅ መጋዝ ሰጠውና «ውጣ» አለው።

ግርማ ዛፉን አየው። ዞረው። በወዲያ በኩል አየው። ተመልሶ መጣና ቆመ።

«ምን ሆነ?» አለ ሰውዬው። «ሆቴሎቹ ላይ እንዴት ነበር የምትወጣው?»

ግርማ አንገቱን ደፋ። «በኤሌቬተር» አለ።

ይቺን ማንም ሳይተረጉምልኝ ገባችኝ። ለካ የእኛ ጀግና መውረድ እንጂ መውጣት አያውቅም! እስከ ጣሪያ ተንቆለጳጵሶ በኤሌቬተር ወጥቶ፣ ከዚያ ነው ገመዱን ይዞ የሚወርደው። ትዕግስት አየችኝ። እኔ ሰማይ ሰማዩን አየሁ። ትራኩ ቴክሳስ ላይ ጡሩምባውን ሲነፋ የሰማሁት መሰለኝ።

ዝም ብል ምን ነበረበት? «በሉት» አልኳቸው ጋሽ ተፈራን፣ «መውጣትማ ድመትም ትወጣለች። በክብር መውረድ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ?»

ሰውዬው ሲሰማ ሳቀ። ሆዱን ይዞ ሳቀ። ግርማን የመኪናው ክንድ ላይ አሳፈረና አብሮት እስከ ጫፍ ወጣ፤ ገመዱን ራሱ አስሮ፣ ጎትቶ አይቶ፣ «የደረቁትን ብቻ ቁረጥ» ብሎት ወረደ።

ግርማ ገመዱ ላይ ሲቀመጥ ሰውነቱ ሌላ ሆነ። ፍሪጅ ይከፍት የነበረው ሰውዬ ጠፋ። መጋዙን የእጁ አንጓ ላይ አሰረ። ቅርንጫፍ ሲቆርጥ አይጥለውም፤ መጀመሪያ በገመድ ያስረዋል፣ ቀስ አድርጎ እንደ ሕፃን ያወርደዋል። ከሆቴል ላይ አንዲት ጠብታ ውሃ ቱሪስት ላይ ብትወድቅ ጉድ ይፈላ ነበር አሉ፤ ያ ልማድ ነው።

እስከዚህ ጥሩ ነበር። ሰውዬው ከታች ሆኖ ሊያየው ሲል እኔ ለወጉ ዳቦ ቆርሼ አስያዝኩት። ጋሽ ተፈራ ደግሞ እጅጌውን ይዘው ከጎንደር እንዴት እንደተነሱ ይነግሩት ጀመር። ጋሽ ተፈራ እጅጌ ከያዙ መቀስ ነው የሚያላቅቀው። ሰውዬው ቀስ በቀስ ጀርባውን ለዛፉ ሰጠ።

ከላይ ግርማ ጮኸ። «እማማ! የቱ ነው የደረቀው?»

አያችሁ፣ ጥር ነው። ቅጠል የሚባል የለም፤ ዛፉ ሁሉ መጥረጊያ መስሏል። የቱ እንደሞተ የቱ እንደተኛ በምን ይለያል? እኔ አላውቅም። ግን ሽማግሌ ነኝ። ሽማግሌ አላውቅም ካለ ለምን ከረባት ያስራል?

«ያቺ በቀኝህ ያለችው!» አልኩ በከዘራዬ እያሳየሁ። ቆረጣት።

«ይቺስ?»

«እሷም አላማረችኝም!» ቆረጣት።

በዚያ ላይ የመስኮት አጣቢ ነገር አለ። መስኮት አጣቢ እየወረደ ያለፈውን ትቶ አያልፍም። አንዲት ነጥብ ብትቀር እንደገና ኤሌቬተር ነው። ስለዚህ ግርማ የደረሰበትን ሁሉ ጥርት አድርጎ ነው ወደ ታች የሚያልፈው። እኔ አንዷን ሳሳየው እሱ ለጎረቤቶቿም ይተርፋል። ትዕግስት «እማዬ፣ አልበዛም?» አለች። «ሥራ አይናቅም» አልኳት።

ጋሽ ተፈራ መተማ ሲደርሱ ግማሹ ዛፍ መሬት ላይ ነበር። ገዳሪፍ ገብተው ወባ ሲይዛቸው ግርማ ሁሉንም ጥርት አድርጎ መሬት ላይ በእግሩ ቆመ። ካርቱም አልደረሱም።

ሰውዬው ዞር አለ። ዳቦው አፉ ውስጥ ቆመ። የብርሃኔ እንጆሪ፣ ፖሊስ «እጅ ወደ ላይ!» ያለው ሌባ መስሎ፣ ግንዱና ሁለት ጉርድ ክንዶቹ ቀርተው ቆሟል። እንደ መስታወት ጠርቷል። ርግብም ብትመጣ የለም ብላ ነው የምታልፈው።

ግርማ መጋዙን ከአንጓው ፈታ። ትዕግስት ጋቢዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔም ቢሆን ከዘራዬን ከኋላዬ ደበቅኩ።

ሰውዬው ዛፉን ዞረው። የተቆረጠበትን በጣቱ ዳሰሰ። መሬት ላይ የተደረደረውን ቅርንጫፍ አየ፤ ወፍራሙ ከወፍራም፣ ቀጭኑ ከቀጭን፣ አንዱም አልተሰበረም። የብርሃኔን መኪና አየ፤ ጭረት የለባትም። ተናገረ፣ ጋሽ ተፈራም ተረጎሙ።

«ሕይወት ያለው ዛፍ አጠገብ አላስደርሰውም ይላል።»

ሰሃኖቹ ትዝ አሉኝ።

«ግን እዚህ አገር ውሃ ለመቆጠብ ተብሎ ሣሩ ሁሉ ተነቅሎ፣ ውሃ አጥቶ የደረቀ ዛፍ ሞልቷል ይላል። እሱን የምናወርደው እንዲህ ነው፤ ከጫፍ ጀምሮ፣ በቁራጭ በቁራጭ፣ ምንም ሳይቀር፣ የሰው ጣሪያ ሳይነካ። እንዲህ ተረጋግቶ የሚያወርድ ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ ይላል። ሰኞ ይምጣ። መጀመሪያ መሬት ላይ ቅርንጫፍ እየጎተተ መጋዙን ይማራል፣ ቀስ እያለም መውጣቱን እናስተምረዋለን ይላል።» ጋሽ ተፈራ ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፦ «ሽማግሌዎቹ ግን ቤታቸው ይዋሉ ብሏል።»

ግርማ ጓደኛው ጋ ደውሎ «ትራኩን ሌላ ሰው ፈልግለት» ሲል ሰማሁት። ትዕግስት ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ እየሳቀች። እኔ እልል አልኩ። ባላልኩ ይሻል ነበር፤ ብርሃኔ ነቃች።

በሌሊት ልብሷ ወጣች። ዛፉን አየች። እኔን አየች። ምንም ሳትል ገብታ በሩን ዘጋች። ብርሃኔ ዝም ስትል አይቼ ስለማላውቅ ሐኪም ልጥራ አልጥራ ብዬ አመነታሁ።

በማግስቱ የተረፈውን ዳቦ በሳህን ይዤ፣ ነጠላዬን አደግድጌ በሯ ላይ ቆምኩ። ሽማግሌ የሚልክልኝ ሰው ስላጣሁ ራሴው ነኝ የሄድኩት። ከፈተችልኝ።

«ብርሃኔ፣ ሰውዬው ዛፉ በሁለት በሦስት ዓመት ተመልሶ ጥላ ይጥላል፣ እንደውም ከበፊቱ ይበልጣል ብሏል» አልኳት። «ደግሞ እኮ ግርማ ሥራ ተቀጠረ። ልጄ ባሏ አጠገቧ ሆኖ ልትወልድ ነው። ደስ አይልሽም?»

ዳቦውን ተቀበለችኝ። ጉርዱን ዛፍ፣ ሥሩ የቆመችውን መኪናዋን አየች፤ ከዚያም እኔን ከእግር እስከ ራሴ፣ ከግራ እስከ ቀኜ ለካችኝ።

«ደስ ብሎኛል» አለች። «ሰመር ሲገባ መጥተሽ መኪናዬ አጠገብ ትቆሚያለሽ። ወርድሽ ለጥላ ይበቃል።»